ስም የደንብ ሁሉ አጭሩ አንቀጽ ነው፦ ለማኅበር የጋራ መገበያያ ስም ስለ ማውጣት

ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት የተዘጋጀ የጥናት ጽሑፍ

መግቢያ



በየአጥቢያው ያሉ የቁጠባና የመረዳጃ ማኅበራት ሥራቸው እየሰፋ ሲሄድ፣ አባላቱ እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡትን ጉልበት፣ ዘርና እህል የሚቆጥሩበት የጋራ መለኪያ ያስፈልጋቸዋል። አንዱ ማኅበር በመዝገብ ይይዘዋል፤ ሌላው ማኅተም ያረፈበት ካርድ ያዘጋጃል። ይህ መለኪያ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እንደ መገበያያ ማገልገል ሲጀምር ስም ይወጣለት ዘንድ ግድ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ይደርሳል። ወይም «ደንቡ ይጽደቅ እንጂ ስሙ በኋላ ይደርሳል» ተብሎ ነገሩ ይታለፋል፤ ወይም ለጆሮ ደስ የሚል ቃል ተመርጦ ያለ ውይይት በጭብጨባ ይጸድቃል።

ሁለቱም መንገዶች ለችግር ይዳርጋሉ። የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ አንብበው የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ስሙን ግን ፊደል ያልቆጠሩ አረጋዊት እናት እንኳ በየዕለቱ ይጠሩታል። ስለዚህ ስሙ ከደንቡ ሁሉ አጭሩ አንቀጽ ነው፤ ብዙዎች የሚያውቁትም አንቀጽ እርሱ ብቻ ነው። ስሙ የሚለካውን ነገር በትክክል ከተናገረ ድሃው አባል መብቱን ያውቅበታል። ስሙ ከሸፋፈነ ወይም ከአስፈራ ግን አስቀድሞ የሚጎዳው ድሃው ነው። ከዚህ በታች የገንዘብ ስሞች እንዴት እንደ ወጡ ከቅዱሳት መጻሕፍት፣ ከሀገራችንና ከሌሎች ሀገሮች ታሪክ ተመልክተን፣ በመጨረሻ በአንድ የመለማመጃ ምሳሌ ላይ እንወያያለን።

1. መለኪያና ስም በቅዱሳት መጻሕፍት

አባታችን አብርሃም ሣራን የሚቀብርበትን የማክፌላን ዋሻ ከኬጢያዊው ኤፍሮን ሲገዛ 400 የብር ሰቅል መዝኖ እንደ ሰጠ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 23 ተጽፏል። «ሰቅል» የሚለው ስም በዕብራይስጥ መመዘንን ከሚያመለክት ግስ የወጣ ነው። ገና የተመታ ሳንቲም ባልነበረበት ዘመን፣ ስሙ ራሱ ሻጩንም ገዢውንም «ሚዛኑን አምጡ» ይላቸው ነበር ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ስም ሳይለወጥ መለኪያው ሊለወጥ ይችላል። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 8 የወቀሳቸው ነጋዴዎች የእህሉን መስፈሪያ እያሳነሱ፣ የሰቅሉን ሚዛን ግን እያከበዱ ችግረኛውን ይበዘብዙ ነበር። ኃጢአታቸው አዲስ ስም መፍጠር አልነበረም፤ የታመነውን አሮጌ ስም ይዘው ከሥሩ ያለውን ልክ መለወጥ ነበር። ድሃው ስሙን እንጂ ሚዛኑን አላየም።

በሐዲስ ኪዳን ደግሞ ዲናር በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 የወይን ቦታ ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ሆኖ እናገኘዋለን። ሠራተኞቹ የተስማሙበትን ያውቁ ነበር፤ ያጉረመረሙትም በግልጽ የሚታወቅ ልክ ስለ ነበራቸው ነው። በምዕራፍ 22 ጌታችን ስለ ግብር ሲጠየቅ ሳንቲሙን አስመጥቶ በላዩ ያለው መልክና ጽሕፈት የማን እንደ ሆነ ጠየቀ። ስለ ማንኛውም መገበያያ ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው፤ በላዩ የተጻፈው ስም የማን ነው? ተጠያቂውስ ማን ነው?

የመክሊትም ነገር ያስተምረናል። መክሊት በጥንት ዘመን ከፍተኛ የክብደት መለኪያ ነበር። ዛሬ በአማርኛ «መክሊት» ስንል የምናስበው ግን የተሰጥኦን ጸጋ ነው። ትርጉሙ መልካም ሆኖ ሳለ ልኩ ከሕዝብ ኅሊና ጠፍቷል። ስም ወደ መንፈሳዊ ትርጉም ሲያርግ መለኪያነቱን ሊያጣ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

2. በሀገራችን የገንዘብ ስሞች ምን ይነግሩናል?

የአክሱም ነገሥታት ከወርቅ፣ ከብርና ከመዳብ ሳንቲም ያስመቱ ነበር። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ በሳንቲሞቹ ላይ በቀድሞው የጨረቃ ምልክት ፋንታ መስቀል ገብቷል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወጡት የመዳብ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ ሀገሩን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ጽሑፍ በግሪክ ቋንቋ ተቀርጿል። መስቀሉ የንጉሡን እምነት ይመሰክር ነበር፤ የሳንቲሙ ዋጋ ግን በማዕድኑና ባስመታው መንግሥት ላይ የቆመ ነበር። እምነትን መመስከርና ዋጋን መተመን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደ ሆኑ እዚህ ላይ ልብ እንበል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመናት በገበያችን ያገለገለው አሞሌ ነው። ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ ተቆርጦ በግመልና በአህያ ወደ ደጋ የሚወጣው ጨው ከተቆረጠበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር። የአሞሌ ስምና ዕቃው አንድ ነበሩ፤ ተቀባዩ ካላመነ በምላሱ መቅመስ ይችላል፤ ገዢ ቢያጣ ደግሞ ለወጡ ይሆነዋል።

«ብር» የሚለው ስም እንዲሁ የማዕድኑ ስም ነው፤ በግእዝ «ብሩር» የምንለው። እ.ኤ.አ. በ1780 ያረፈችው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው ሳንቲም በሀገራችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር እየተባለ ሲሠራበት ኖሯል። ንግሥቲቱ ካረፈች በኋላም ሳንቲሙ ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደ ያዘ ይመታ ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘና 1887 ዓ.ም. የሚል የተጻፈበት ብር በፓሪስ ቢያስመቱም ገበያው የለመደውን ማርትሬዛ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀም። ሥልጣን ያለው አካል ስም ማውጣት ይችላል፤ መታመን ግን በዐዋጅ ብቻ አይመጣም።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ በአማርኛ «ብር» ተባለ፤ በእንግሊዝኛ ግን «ዶላር» ተብሎ ተጻፈ። በ1969 ዓ.ም. አዲስ ገንዘብ ሲታተም በውጭ ቋንቋም ስሙ «ብር» ሆነ። የሕዝቡ አፍ የያዘው ስም አሸነፈ ማለት ነው። በእጃችን ያለው የወረቀት ብር ዛሬ ከብር ማዕድን የተሠራ አይደለም። በስሙ ውስጥ የነበረው ማዕድን ወጥቶ በምትኩ የመንግሥትና የብሔራዊ ባንክ ኃላፊነት ገብቷል።

ሕዝቡ ለዝርዝር ሳንቲሞች ያወጣቸው ስሞችም ልብ ሊባሉ ይገባል። 50 ሳንቲም «ሽልንግ» የተባለው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሀገራችን ይሠራበት ከነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ የተነሣ ነው፤ በ1937 ዓ.ም. አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ተተምኖ ነበርና። «ግርሽ» በቱርክና በዐረብ ገበያ በኩል፣ «ቤሳ» ደግሞ ከሕንድ ፓይሳ የመጡ ናቸው። ቤሳ ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆነውም «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» የሚለው የችግረኛ ቃል እስከ ዛሬ አለ። ሕዝቡ ስም ሲያወጣ የውበት ቃል አልፈለገም፤ ምን ያህል እንደሚያወጣ የሚያስታውሰውን ቃል ፈለገ።

3. ከሌሎች ሀገሮች የምንማረው

የአውሮፓ ኅብረት አባል ሀገሮች ለጋራ ገንዘባቸው ስም ሲመርጡ አስቀድሞ የነበራቸው የሒሳብ መለኪያ «ኤኩ» ይባል ነበር። ይህ ስም የእንግሊዝኛ ቃላት ምሕጻር ቢሆንም የጥንት የፈረንሳይ ሳንቲም ስምም ነበር፤ በጀርመንኛ ደግሞ «ላም» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚቀራረብ ለቀልድ የተጋለጠ ነበር። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1995 በማድሪድ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ «ዩሮ» የሚለው ስም ተመረጠ። ከዚህ የምንማረው ስም በሚጠሩት ሁሉ አፍ መፈተን እንዳለበት ነው። በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ምእመናን ባሉበት አጥቢያ፣ በአንዱ ቋንቋ መልካም የሆነው ቃል በሌላው መሳቂያ ወይም ነውር እንዳይሆን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ኢታካ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአካባቢ መገበያያ ስሙ «ሰዓት» ነበር፤ አንዱ በ10 ዶላር ይተመን ነበር። ስሙ ገንዘብ የሰው የሥራ ጊዜ መሆኑን ለተቀባዩ ያስታውሰዋል። በብራዚል ፎርታሌዛ ከተማ ፓልሜይራስ በተባለው የድሆች ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው የማኅበረሰብ ባንክ ያወጣው መገበያያ ደግሞ ከሰፈሩ ስም ተወስዶ «ፓልማ» ተባለ። አንድ ፓልማ ከአንድ የብራዚል ሪያል ጋር እኩል ሲሆን ስሙ የሚሠራበትን ወሰን ያሳያል፤ ከሰፈሩ ውጭ የማያገለግል መሆኑን ሰምቶ የማይረዳ የለም።

በጎረቤታችን በኬንያ የሆነው ግን ጥንቃቄን ያስተምራል። እ.ኤ.አ. በ2013 በሞምባሳ ባንግላዴሽ በተባለ የድሆች ሰፈር አነስተኛ ነጋዴዎች «ባንግላ ፔሳ» የተባለ የመለዋወጫ ኩፖን ጀመሩ። «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው። ሥራው በተጀመረበት ወር አስተባባሪዎቹ ተይዘው በሐሰተኛ ገንዘብ ነክ ወንጀል ተከሰሱ፤ ክሱ የተነሣው ከወራት በኋላ ነው። የክሱ መነሻ ስሙ ብቻ ነበር ለማለት አይደለም። ሆኖም የአባላት መለዋወጫ የሆነ ወረቀት «ገንዘብ» የሚል ስም ሲሸከም ለሕግ አስከባሪው ጥርጣሬ፣ ለድሃው ነጋዴም እንግልት በር እንደሚከፍት ግልጽ ነው።

4. የመለማመጃ ምሳሌ

አሁን ለጥናታችን ብቻ በሐሳብ የፈጠርነውን አንድ የደጋ አጥቢያ እንመልከት። አርባ ቤተሰቦች ማኅበር አቁመዋል። በእርሻ፣ በአረምና በአጨዳ ወቅት ይረዳዳሉ። አንድ ሰው ለሌላው አንድ ቀን ሲሠራ አንድ ካርድ ይቀበላል፤ ያንን ካርድ ለሌላ አባል ሰጥቶ የአንድ ቀን ሥራ ያሠራል። ለካርዱ ስም እንዲወጣለት ጉባኤ ተጠራና አራት ስሞች ቀረቡ።

የመጀመሪያው «የቅዱስ ጊዮርጊስ ብር» ነው፤ የአጥቢያው ታቦት ነውና። ሁለት ችግር አለበት። «ብር» ማለቱ ካርዱን የሀገሪቱ ገንዘብ ያስመስለዋል። የታቦቱን ስም መሸከሙ ደግሞ ካርዱ ባይከፈል ቤተ ክርስቲያኒቱ ተጠያቂ እንደ ሆነች ያስቆጥራል። ማኅበር በቅዱስ ስም መጠራቱ የቆየ ሥርዓታችን ነው፤ ዝክሩንም፣ ጽዋውንም በዚያ ስም እናደርጋለን። ማኅበሩን በቅዱሱ ስም መጥራት ግን አንድ ነገር ነው፤ የሚቆጠረውን፣ የሚጠፋውንና የሚያከራክረውን ካርድ በስሙ መጥራት ሌላ ነገር ነው።

ሁለተኛው «በረከት» ነው። ብዙዎች ወደዱት። ነገር ግን ባሏ የሞተባት አንዲት እናት ሁለት ቀን አርማ ሁለት ካርድ ተቀበለች እንበል። ተራዋ ሲደርስ የሚሠራላት ጠፋ። ወደ ኮሚቴው መጥታ ምን ትበል? «በረከቴ አልተከፈለኝም» ማለት ይከብዳታል፤ የሚሰማትም «በረከት በእግዚአብሔር እጅ ነው፣ ታገሺ» ብሎ ሊመልሳት ይችላል። ስሙ አቤቱታዋን ወደ ማጉረምረም ለወጠባት። ከዚህም በላይ አማርኛችን ራሱ ያስጠነቅቀናል። የአንድ ነገር ዋጋ ሲወርድ «ረከሰ» እንላለን። ካርዱ የበዛ ዕለት፣ የሚሠራም የጠፋ ዕለት «በረከት ረከሰ» የሚል ቃል ከምእመናን አፍ ይወጣል። የተቀደሰውን ቃል ለዚህ አሳልፈን ልንሰጠው አይገባም።

ሦስተኛው «አንድነት» ነው። ማንንም አያስቀይምም፤ ሆኖም ምን እንደሚለካ አይናገርም። «ሦስት አንድነት አለኝ» የሚል ሰው ሦስት ምን እንዳለው አይታወቅም። መለኪያው ያልታወቀ ነገር ደግሞ በጉልበተኛው ፈቃድ ይተረጎማል።

አራተኛው «ወንፈል» ነው። አባቶቻችን ቀንን በቀን፣ ጉልበትን በጉልበት የሚመልሱበት ሥርዓት ነው። «አንድ ወንፈል አለብህ» ሲባል ሕፃኑም ሽማግሌውም ዕዳው የአንድ ቀን ሥራ እንደ ሆነ ያውቃል። መጠየቁ ነውር አይደለም፤ አለመመለሱ እንጂ ነውር ነው። ስሙ ልኩንም፣ ባለ ዕዳውንም ያሳያል።

ሆኖም ይህ መልካም ስም አንድ የተሸፈነ ጥያቄ ገለጠ። ወንፈል ጉልበት ላለው ነው። ሕመምተኛው፣ አረጋዊው፣ ልጅ ያዘለችው እናት ምን ይሁኑ? ጉባኤው በዚህ ላይ ቆም ብሎ መምከር ነበረበት። ከምክሩ በኋላም ሁለት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ለሠራተኞች ምግብ ማዘጋጀት፣ ሕፃናትን መጠበቅና ፈትል መፍተል ቀኑን እስከ ሞላ ድረስ እንደ እርሻው ቀን አንድ ወንፈል ሆኖ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ፈጽሞ መሥራት ለማይችሉት የሚደረገው እርዳታ በደቦ ይሠራል፤ ካርድም አይጻፍበትም፤ ምጽዋት የሚመለስ ዕዳ አይደለምና። «አንድነት» የሚለው ስም ቢጸድቅ ኖሮ ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ያልፍ ነበር፤ የሚነሣውም ሕመምተኛው ባለ ዕዳ ተብሎ ከተከሰሰ በኋላ በሆነ ነበር።

5. ስሙ የሚፈተንባቸው ዐረፍተ ነገሮች

ስም በስብሰባ አዳራሽ ሲጠራ ሁሉም ያምራል። ፈተናው በክርክር ጊዜ ነው። ስለዚህ የቀረበውን ስም በእነዚህ አምስት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ እያስገባችሁ ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩት፦

«ሁለት … አለብህ።»
«የእኔ … አልተከፈለኝም።»
«… ጠፋብኝ።»
«ይህ … ሐሰተኛ ነው።»
«ዘንድሮ … ረከሰ።»

ከአምስቱ አንዱን እንኳ መናገር ኃጢአት፣ ነውር ወይም ስድብ የሚመስልበት ስም ቢሆን ያ ስም ይቅር። አባል ሊናገረው የማይደፍረውን ነገር ኮሚቴው ሊሰማው አይችልም፤ ያልተሰማ ጉድለትም አይታረምም።

6. የአሠራር ቅደም ተከተል

በመጀመሪያ ሕጉን ጠብቁ። በሀገራችን ገንዘብ የማውጣት መብት ያለው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው። ስለዚህ «ብር»፣ «ሳንቲም» ወይም «ገንዘብ» የሚሉ ቃላት በማኅበር ካርድ ላይ አይግቡ፤ የካርዱም መልክ ከባንክ ወረቀት ጋር አይመሳሰል። አንድም ካርድ ከመታተሙ በፊት አሠራሩን ለወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤትና ለሕግ ባለሙያ አቅርባችሁ በጽሑፍ ምክር ተቀበሉ። በመዝገብ ብቻ መያዝ የሚበቃ ከሆነ ደግሞ ካርድ አያስፈልግም።

በመቀጠል ስም ከማንሣታችሁ አስቀድሞ ሦስት ነገር በአንድ ገጽ ጻፉ፤ አንዱ መለኪያ ምንን ይለካል? ባለ ዕዳው ማን ነው? የሚያበቃውስ መቼ ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይኖር የሚወጣ ስም ባዶ ከረጢት ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ነው።

ስም በሚመረጥበት ጉባኤ ካህናትና ሽማግሌዎች የመጨረሻውን ቃል እንጂ የመጀመሪያውን አይናገሩ። አባት ካህን አስቀድመው «ይህ ይሁን» ካሉ ከሥርዓት የተነሣ የሚቃወም አይኖርም። መጀመሪያ እናቶች፣ ወጣቶችና መሬት የሌላቸው አባላት ይናገሩ፤ ብዙ ጊዜ ባለ መብት ሆነው የሚጠይቁት እነርሱ ናቸውና። የተመረጠው ስም ከነትርጉሙና ከነልኩ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፤ ልኩ የሚለወጥበት ቀን ቢመጣም ስሙ አብሮ ይመርመር። የአሞጽ ወቀሳ የሚደርሰው አሮጌ ስም በአዲስ ልክ ላይ ዝም ተብሎ ሲቀር ነው።

ጸሎቱና ቡራኬው የት ይግባ? የሚል አባት ቢኖር፣ መልሱ ሥራው በጸሎት ይጀመር፣ በጸሎት ይፈጸም ነው። ሠራተኞቹ ይባረኩ፤ አዝመራው ይባረክ። መለኪያው ግን ማንም በግልጽ ሊመረምረው የሚችል ተራ ነገር ሆኖ ይቆይ።

የውይይት ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችሁ ባለው ዕድር፣ ዕቁብ ወይም ሰንበቴ ውስጥ አባላት ለመጠየቅ የሚያፍሩበት የሒሳብ ጉዳይ አለን? ከሚጠራበት ቃል ጋር ግንኙነት ይኖረዋልን?

2. በአካባቢያችሁ ቋንቋ የጉልበት ልውውጥ ምን ይባላል? ቃሉ የሚመለሰውንና የማይመለሰውን እርዳታ ይለያልን?

3. ከላይ በተሰጠው ምሳሌ አንድ ጥማድ በሬ ያለው ሰው የሠራበት ቀን ከባዶ እጅ ሠራተኛ ቀን ጋር እኩል ይቆጠርን? «ወንፈል» የሚለው ስም ለዚህ በቂ መልስ ይሰጣልን፣ ወይስ ሁለተኛ ስም ያስፈልጋል?

4. ከአባላቶቻችሁ መካከል ደንቡን ማንበብ የማይችሉት ስንት ናቸው? ከስሙ ብቻ ምን ያህሉን መብታቸውን ያውቃሉ?

ማጠቃለያ

ሰቅል መመዘንን፣ ብር ማዕድኑን፣ ወንፈል ቀኑን ይናገራል። መልካም የመገበያያ ስም ለሚይዘው ሰው ምን እንደ ያዘና ማንን እንደሚጠይቅ የሚነግረው ነው። ስለዚህ ወንድሞችና አባቶች፣ በየማኅበሮቻችሁ ስም ለማውጣት በተሰበሰባችሁ ጊዜ በመካከላችሁ ከሁሉ ያነሰ አቅም ያላትን እናት አስቡ። እርስዋ ስሙን ጠርታ ያለ ፍርሃትና ያለ ኃፍረት ሒሳቧን መጠየቅ ከቻለች ስሙ ደኅና ነው፤ ካልቻለች ግን ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም እንደገና ይመከርበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።